ሙሽራዋ በጥር ትወጣለች

ኮምቦልቻ ውስጥ አንዲት ሙሽራ አለች፤ ፊቷን ያዩ ሰዎች ሃያ አይሞሉም። የምትቀመጠው በፋብሪካው የመጨረሻ አዳራሽ፣ በሁለት ቁልፍ በሚዘጋ በር ጀርባ ነው። ከራሷ እስከ እግሯ ነጭ ሸራ ተከናንባለች። ለፍተሻ በወጣች ቁጥር የመገጣጠሚያው ሴቶች ከሥራቸው ቀና ሳይሉ እልል ይላሉ። ስሙን ያወጡላትም እነርሱ ናቸው፤ ነጭ ለብሳ፣ ተሸፍና፣ በአጃቢ የምትወጣን ሌላ ምን ብለው ይጥሯት? በወረቀት ላይ ያላት ስም አንድ ፊደልና ሦስት ቁጥር ነው። በዚያ የሚጠራት የለም።

ሙሽራዋ መኪና ናት።

ቦርከና የመኪና መገጣጠሚያ እስከ ዛሬ የሚያወጣው ባለሦስት እግርና አነስተኛ የጭነት መኪና ብቻ ነበር። በመስከረም ግን አንድ አጭር ማስታወቂያ ለጠፈ፦ «በጥር ወር አዲስ ምርት እናሳያለን።» ሌላ ቃል አልጨመረም። የቀረውን የጨመረው የደሴ ሰው ነው። አዲሱ ምርት የስፖርት መኪና ነው ተባለ፤ ባለሁለት በር፣ ከመሬት የተጠጋ፣ የሐረጎን ዳገት በአንድ ትንፋሽ የሚጨርስ። አንዱ ሞተሯ ከኋላ ነው አለ። ሌላው ጣሪያዋ ይከፈታል አለ። ሦስተኛው ቀለሟ ቀይ መሆኑን እዚያው ከሚሠራ የአጎቱ ልጅ ሰማ፤ የአጎቱ ልጅ ግን የሚሠራው በፋብሪካው ምግብ ቤት ነው። ፋብሪካው ዝም አለ። ዝምታውን ሁሉም ለየራሱ ምስክር አድርጎ ቆጠረው።

ሀናን መሕሙድ የሙሽራዋን ፊት ካዩት አንዷ ናት። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ መሐንዲስ ናት፤ ሥራዋ ክፍተት መለካት ነው። በርና አካል፣ ኮፈንና ፓራፋንጎ በሚገናኙበት መስመር የሚቀረው ቀጭን ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል መሆን አለበት። እኩል ካልሆነ ሀናን ታውቃለች። ይህን ሥራ ስትረከብ ስለዚያች መኪና ለማንም እንዳትናገር ፈርማለች፤ አለች ብላም፣ የለችም ብላም። ፊርማው አልበቃ ብሏት በልቧ ወላሂ ብላለች።

የምትወደው ሰው ያለው ደሴ ነው። ጣሀ ይባላል፤ ሰኞ ገበያ አጠገብ ባትላሜራ ነው፤ የተጨራመተ መኪና በመዶሻ እየቀጠቀጠ ወደ ቀድሞ መልኩ ይመልሳል። የተዋወቁት ከሁለት ዓመት በፊት፣ የአባቷን መኪና ልታሠራ የሄደች ቀን ነው። ሀናን የተገጨውን በር አሳየችው። እሱ በሩን ትቶ ዓይኑን ጨፈነ፤ መዳፉንም ደህና በሚመስለው ፓራፋንጎ ላይ አሳለፈ።

«እዚህ ጋ ድሮ ታማ ነበር» አለ። «ማንም አላወቀላትም።»

ሀናን መለኪያዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ለካች። ሁለት ሚሊሜትር ገብቷል። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተገናኙ፤ መጀመሪያ ዓይኑን የሰበረው እሱ ነበር።

በመካከላቸው ያለው ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። አባቷ ሐጂ መሕሙድ ደሴ ውስጥ ስማቸው የታወቀ የመለዋወጫ ነጋዴ ናቸው። ጣሀ የሐጂን መኪና ያቃናል፣ ከሐጂ ሱቅ ዕቃ ይገዛል፤ በሐጂ ሳሎን ግን ተቀምጦ አያውቅም።

በስልክ ብዙ አያወሩም። የሀናን ስልክ ቀኑን ሙሉ በፋብሪካው በር ላይ፣ በተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ይውላል። የጣሀን ጆሮ ደግሞ የዐሥራ አራት ዓመት መዶሻ አድክሞታል፤ በስልክ የሚሰማው ግማሹን ነው፣ የቀረውን ግማሽ በራሱ ይሞላዋል። ስለዚህ ይጻጻፋሉ። ደብዳቤውን የሚያመላልሰው የደሴና የኮምቦልቻ ሚኒባስ ሾፌሩ አግማስ ነው፤ ከፊቱ ባለው የፀሐይ መከላከያ ሥር ይሽጠዋል። ጣሀ በደብዳቤው መጨረሻ፣ ከስሙ በፊት፣ ሁልጊዜ አንድ ቃል ያስቀድማል፦ ያንቺው።

ሐሙስ ሐሙስ ማለዳ ሙሽራዋ ሐረጎን ትወጣለች፤ ሸራዋን እንደ ለበሰች፣ አንድ መኪና ከፊት፣ አንድ መኪና ከኋላ አጅቧት። በመታጠፊያዎቹ ላይ የሚቆም ሰው አይጠፋም። ሰው ሁሉ የሚቆመው ለእሷ ነው። ጣሀም ይቆማል፤ እሱ ግን የሚያየው በኋለኛው አጃቢ መኪና መስኮት፣ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ የተቀመጠችውን ልጅ ነው። መኪና ሲያይ ምግብ የሚረሳ ሰው ነው። ሆኖም በእነዚያ ወራት ሁሉ ስለ ሙሽራዋ አንዲት ጥያቄ ጠይቋት አያውቅም።

ጥበቃዎቹ የቋሚዎቹን ፊት መለየት ሲጀምሩ ሀናን ፈራች። በታኅሣሥ መጀመሪያ ይህን ጻፈችለት፦

«ሰሞኑን ብጠፋብህ አትቀየመኝ። ሽር ጉዱ ሁሉ ለሙሽራዋ ነው። በጥር ትወጣለች። አባባም ቀኑን እየቆጠሩ ነው። ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ፤ ቃል አለብኝ። ደግሞ ሐረጎ ላይ መቆምህን ተው፤ ሰው ያይሃል፣ ለሁለታችንም አይበጅም። ሀናን።»

«ሙሽራዋ» ብላ ስትጽፍ ፈገግ ብላ ነበር። ስሙን ከፋብሪካው ሰው በቀር የሚያውቀው የለም። አንድ ቀን ሸራው ሲነሣ ነገሩ ይገባዋል፣ አብረው ይስቁበታል ብላ አሰበች። ለሚወዱት ሰው የተቆለፈ ሳጥን እንደ መስጠት ያለ ነገር ነበር። ጣሀ ሳጥኑን በመዶሻ እንደሚከፍተው አልጠረጠረችም።

መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ። አግማስ ሚኒባሱን በፋብሪካው በር ጥግ አስጠግቶ እጁን በመስኮት አወጣ።

«እታለም፣ አደራሽን።»

«አላህ ይስጥልኝ፣ ጋሽ አግማስ።»

«ያ ልጅ ደህና ነው?»

«ምነው?»

«ሌላ ጊዜ ደብዳቤ ሲሰጠኝ ‹እንዳታጥፍብኝ› እያለ ነፍሴን ያወጣታል። ዛሬ ራሱ አራት ቦታ አጥፎ ሰጠኝ።»

«ሥራ በዝቶበት ይሆናል።»

«ይሆናል» አለ አግማስ፤ ማርሹንም አስገባ። «እኔ እንግዲህ የማውቀው መንገዱን ነው።»

ሀናን በግድግዳው ጥላ ቆማ አነበበችው፦

«ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ደጋግሜ አነበብኩት። አላህ መልካም ያድርግላችሁ። ቃል ካለብሽ አልጠይቅሽም። ከእንግዲህ መንገድ ላይ አልቆምም። ለሙሽራዋ የምትሆን አንዲት ነገር መሥራት ጀምሬያለሁ፤ ሳበቃ ይደርስሻል። ጣሀ።»

መጀመሪያ የተሰማት ድንጋጤ ነው። ገብቶታል ማለት ነው፤ ሙሽራዋ ማን እንደሆነች ዐውቋል። ‹መልካም ያድርግላችሁ› ያለው ለፋብሪካው ሰው ሁሉ ነው። ‹መንገድ ላይ አልቆምም› ያለው ስለ ሐረጎ ነው። ደግሞ ለመኪናዋ የምትሆን ዕቃ እየሠራ ነው፤ ማን ሊያስገባለት? ከድንጋጤው ሥር ሳቅ ብቅ አለ። እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ አንድ ቃል ይበቃዋል።

ከዚያ ዓይኗ የመጨረሻው መስመር ላይ ቆመ። ከ‹ይደርስሻል› እስከ ‹ጣሀ› ያለውን ባዶ ቦታ በአውራ ጣቷ ለካችው። አንድ ቃል ጎድሏል።

ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተች። ረስቶት ነው አለች ለራሷ፤ ሰው ይረሳል። ቀኑን ሙሉ ግን ደረቷ ውስጥ አንድ በር በልኩ ሳይገጥም ዋለ።

የዚያ ሳምንት ሐሙስ ሐረጎን ሲወጡ ጣሀ በመታጠፊያው አልነበረም። እሰየው፣ ቃሌን ሰማ አለች። በሁለተኛው ሐሙስም አልነበረም። በዚያ ቀን ደብተሯ ላይ ሦስት ቁጥር ተሳስታ ጻፈች፤ በአራት ዓመት ውስጥ እንዲህ ሆና አታውቅም። ሁለት ደብዳቤ ላከች። ሁለቱም መልስ አልነበራቸውም። አግማስ በየቀኑ ባዶ እጁን በመስኮት አውጥቶ ያሳያታል፤ እንደሚያፍር ሰው፣ ቶሎ ይመልሰዋል።

ቅዳሜ ሥራ እስከ ቀትር ነው። ሀናን በአግማስ ሚኒባስ ደሴ ገባች፤ እንደ ልማዷም በቀጥታ ወደ አባቷ ሱቅ አመራች። ሱቁ ቅዳሜ ከሰዓት መለዋወጫ የሚሸጥበት ብቻ አይደለም፤ ስለ ስፖርቷ መኪና የሚማከሩበትም ነው። ሐጂ መሕሙድ ከባንኮኒው ጀርባ ናቸው። ጡረታ የወጡት የፊዚክስ መምህር፣ መምህር አብርሃም፣ በዘይት ካርቶን ላይ ተቀምጠዋል። ሻይ በየእጁ ተይዟል።

«መጣች» አሉ ሐጂ። «ባለ ምስጢሯ መጣች። በሉ፣ እኔን ከምታደርቁ እሷን ጠይቋት።»

«ልጄ ሀናን» አሉ መምህር አብርሃም፣ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው። «እኔ ስለ ፋብሪካው አልጠይቅሽም። ሞተሩ ከኋላ የሆነ መኪና ሐረጎን ሲወጣ አፍንጫው አይቀልም ወይ? ይህ ምስጢር አይደለም፤ ፊዚክስ ነው።»

«ፊዚክስ ከሆነማ መልሱ ያለው እርስዎ ጋ ነው፣ መምህር።»

ሱቁ ሳቀ። ጎማ ሊገዛ የመጣ የገራዶ ሰው ጎማውን እንዳቀፈ ጣልቃ ገባ።

«ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትጭነው ይላሉ። ለወሎ ሰው ምን ልታደርግ? ሙሽሮቹ ገብተው ሚዜው በባጃጅ ይከተላቸው?»

«ሽማግሌ የማይሳፈርባት መኪና እኔ ሱቅ ዕቃዋ አይሸጥም» አሉ ሐጂ፤ ወዲያው ግን አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ፊታቸው ተለወጠ። «ነይማ ወደዚህ፣ ልጄ።»

ወደ ጓዳው፣ የማጣሪያ ሣጥኖች ወደ ተደረደሩበት ወሰዷት። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያ ባትላሜራ፣ ጣሀ፣ ሽማግሌ ሊልክብኝ እንደነበር ሰምተሻል?»

ሀናን መደርደሪያውን ያዘች። «አልሰማሁም፣ አባባ።»

«እኔ በመስጊድ በኩል ሰምቻለሁ። ያለፈው ሳምንት ረቡዕ ተባለ። ሦስት ቀን ሙሉ እምቢታዬን ሳሳምር ከረምኩ። ሰው የማያስከፋ፣ ለዛ ያለው እምቢታ። ረቡዕ ቤቴን አስጠርጌ ተቀመጥኩ፤ ቀሩ።» ሐጂ ቅር ብሏቸዋል። «ትናንት ደግሞ እሱ ራሱ መጣ። ደፉ ላይ ቆሞ ‹ሐጂ፣ እንኳን ደስ ያለዎት› አለኝ። በምኑ? አልኩት። አልሰማኝ እንደሆነ እንጃ፣ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ብሎ ሄደ። እንኳን ደስ ያለዎት ይላል፣ ፊቱ ግን ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ፊት ነው። ነገ ንጋት ላይ አፋር፣ ሎጊያ ይወርዳል አሉ። የከባድ መኪና ጋራዥ ጠርቶታል፤ የሚመለስም አይመስልም።»

እንኳን ደስ ያለዎት።

ሀናን ደብዳቤውን ከኪሷ አላወጣችውም፤ በቃሏ ታውቀዋለች። ቃሎቹ አንድ በአንድ ተገለበጡ። ‹መልካም ያድርግላችሁ› ያለው ለእሷና ለአንድ ሰው ነው። ‹መንገድ ላይ አልቆምም› ያለው ስለ ሐረጎ አይደለም። ‹ለሙሽራዋ› ያለው ለእሷ ነው። የጻፈችውንም በእሱ ዓይን አነበበችው፦ ሽር ጉዱ ለሙሽራዋ ነው፤ በጥር ትወጣለች፤ አባባም ቀኑን እየቆጠሩ ነው። ምን ብሎ ያንብበው? አንዲት ጨዋ ልጅ፣ ‹ላገባ ነው› ብላ መጻፍ አሳፍሯት፣ ራሷን በሩቅ ስትጠራ። ግማሹን ሰማ፣ ግማሹን በራሱ ሞላው። የጎደለችውን ቃል ደግሞ አልረሳትም። የሌላ ሰው ለሆነች ሴት ‹ያንቺው› አይባልምና ተዋት።

«አባባ፣ መጣሁ።»

«ወዴት ነው?»

«ያጣመምኩትን ላቃና።»

በሻይ ብርጭቆዎቹ መካከል አልፋ ወጣች። ከኋላዋ መምህር አብርሃም፣ «አየህ ሐጂ፣ አብዝተን አስቸገርናት» ሲሉ ተሰማት።

ከሱቁ እስከ ሰኞ ገበያ ዐሥር ደቂቃ ያስኬዳል፤ በዐሥሩ ደቂቃ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ስታሰላስል ሄደች። ‹ሙሽራዋ መኪና ናት።› ሦስት ቃል ነው። በሦስት ቃል ጣሀን ታስቀረዋለች። በሦስት ቃል ግን ወላሂ ያለችበትን ታፈርሳለች፤ ያፈረሰችውን ቃል ይዛ ነገ ምን ብላ ሌላ ቃል ትሰጠዋለች? መናገር አለባት፤ መናገር አትችልም። ጋራዡ በር ስትደርስ መልሱን አላገኘችውም፤ እግሯ ግን አልቆመም።

ጋራዡ ውስጥ አምስት መዶሻ ይወርዳል። ጣሀ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ በአንድ ትንሽ ነገር ላይ አጎንብሶ፣ በትንሹ መዶሻ ጠርዙን ይኮረኩማል። ከአጠገቡ የታሰረ ሻንጣ ቆሟል። ሀናን ጠራችው። ድምፅዋን መዶሻው በላው። እንደገና ጠራችው፤ ቀና አላለም። ሻንጣውን አየች። ከዚያ በሕይወቷ ወጥቷት በማያውቅ ድምፅ፦

«ሙሽራዋ እኔ አይደለሁም።»

በዚያችው ቅጽበት የጣሀ ባልደረባ ጸጋው በሩ ላይ ቆማ አይቷት ሰዎቹን በእጁ አስቁሞ ነበር። አምስቱም መዶሻ ዝም ብሏል። ቃሏ በባዶው ጸጥታ ላይ ወደቀ፤ ከጋራዡም አልፎ ገበያው ድረስ ተሰማ። ማዶ ሎሚ የምትሸጠው ሴት ከነሎሚዋ ዞረች።

ጣሀ ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«ምን አልሽ?»

«ሰምተኸኛል።»

«ግማሹን ነው የሰማሁት።»

«ግማሹን በራስህ እንዳትሞላው ነው የመጣሁት። ሙሽራዋ እኔ አይደለሁም። እኔን የጠየቀኝም፣ የሰጠኝም የለም።»

ጸጋው አላስቻለውም። «ታዲያ ሙሽራዋ ማናት?»

ጣሀ ዓይኑን ከእሷ ሳያነሣ መዳፉን ወደ ጸጋው አነሣ። «ዝም በል። ቃል አለባት።»

ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ፤ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን። ሀናን አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ደብዳቤዋን ከጥግ እስከ ጥግ በመዳፉ እየዳሰሰ እንደሆነ ገባት። የገባውን ቦታ ፈለገ። ሽር ጉድ። በጥር ትወጣለች። ሐረጎ ላይ አትቁም። በከንፈሩ ጥግ አንዲት መስመር ታየች። መስመሯ ጉንጩ ደረሰች። ዓይኑን ሲገልጥ ዓይኑ ውስጥ ውኃ አለ፤ የሚስቀው ግን ከልቡ ነው።

«ሐሙስ ሐሙስ ነጭ ለብሳ የምትወጣ አንዲት ሸጋ ዐውቃለሁ» አለ። «አንቺ አልነገርሽኝም። በዓይኔ ነው ያየኋት። ትከሻዋ ሰፊ ነው፣ ወገቧ ገባ ያለ፣ ከመሬት ብዙም አትርቅም።»

ሀናን በሁለት እጇ ጆሮዋን ደፈነች። «ዛሬ የማልሰማው እኔ ነኝ።»

«ነፋሱ ሲመታት ልብሷ ከኋላ ጎማዋ—»

«ጣሀ፣ በአላህ።»

«እሺ። ተውኩት።»

እጇን ከጆሮዋ አወረደች። መሳቅና ማልቀስ አንድ ላይ መጥተውባት የትኛውን እንደምታስቀድም አላወቀችም።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ድረኸኝ ከረምክ» አለችው። «ባሌን ልወቀው እንጂ። ማን ነው?»

ጣሀ አቀረቀረ። «አንድ መሐንዲስ ነው። አዲስ አበባ የሚኖር። ረጅም ነው፤ መነጽር ያደርጋል።»

«ስሙስ?»

«ስም አላወጣሁለትም። ስም ካወጣሁለት እንዳልጠላው ፈራሁ።»

ጸጋው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የሚቀረው የጋራዡ ሰው በድንገት መሣሪያ ማጽዳት ጀመረ።

«መጥተህ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

«‹አትጠይቀኝ› ብለሽ ጽፈሽ።»

ቃሏን ጠብቋል፤ እሷን ሊያሳጣው እንኳ ሲቀርብ ጠብቆታል። ሀናን ይህን ሲገባት ደረቷ ውስጥ ያ በር ድምፅ ሳያሰማ ገጠመ።

«ይህች ለሙሽራዋ ነበረች» አለ ጣሀ፣ የያዛትን ነገር እየዘረጋላት። ክብ መስታወት ናት፤ ከአንድ አሮጌ መኪና ስፖኪዮ የወጣች። ዙሪያዋን ከላሜራ በተቀጠቀጠ ጠርዝ አስሯታል፤ ጠርዙ ከቅጠል ይሳሳል፣ የመዶሻ ምልክት አይታይበትም። «ጠርዙ ከአባትሽ መኪና ነው። ያኔ ድሮ ታማ ነበር ካልኩሽ ቦታ ቆርጬ ያወጣሁት ቁራጭ። አስቀምጬው ነበር።»

ሀናን መስታወቷን ወደ ፊቷ አነሣች። የለቀሰ ፊቷን አየች። ከትከሻዋ በላይ ደግሞ የጋራዡን በር፤ በበሩም መካከል እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የቆሙትን አባቷን። ስፖኪዮ ከኋላ ያለውን ያሳያል። ምን ያህል ጊዜ እንደቆሙ ግን አያሳይም።

«ጣሀ» አሉ ሐጂ መሕሙድ።

«አቤት፣ ሐጂ።»

«ስለዚያች ነገር ልጄ ምን ነገረችህ?»

«ምንም።»

«ጠይቀሃታል?»

«አልጠየቅኋትም።»

«ለምን? ስለ መኪና ሌላውን ሁሉ ትጠይቃለህ። እኔን እንኳ ስለ አንድ ብሎን ግማሽ ቀን ታቆመኛለህ።»

ጣሀ ትንሽ አሰበ። «ብጠይቃት ወይ ቃሏን ታፈርሳለች፣ ወይ እምቢ ብላኝ ትከፋለች። ሁለቱንም አልፈለግሁትም።»

ሐጂ ወደ ውስጥ ገቡ። በመንገዳቸው ያለውን የተገነጠለ ኮፈን በእግራቸው ገፋ አደረጉ።

«እኔ አባቷ ከመስከረም ጀምሮ ስጠይቃት ነበር» አሉ። «በምሳ ጠየቅኋት። በመውሊድ ጠየቅኋት። ጉንፋን ይዞኝ ተኝቼ፣ ‹አባትሽ ሳያውቅ ቢሞትስ› ብዬ ጠየቅኋት። ትኩሳቴን ለክታልኝ ወጣች። መምህሩ በፊዚክስ መጣባት። ደሴ ሙሉውን ጠይቋታል።» ጣሀን አዩት። «ያልጠየቃት አንድ ሰው ነው ማለት ነው።»

ሐጂ ወደ ጣሀ ጠጋ አሉ።

«ሎጊያ መቼ ነው የምትሄደው?»

«ነገ ንጋት ላይ ነበር።»

«ነበር?»

«ነበር፣ ሐጂ።»

ሐጂ ሻንጣውን አዩ፤ ከዚያ በልጃቸው እጅ ያለችውን መስታወት። ጠርዟን በጣታቸው ዳሰሱ። የራሳቸውን መኪና ላሜራ ያወቁት አልመሰሉም፤ ጣታቸው ግን ለመነሣት ዘገየ።

«እንግዲያው ሽማግሌዎችህን ነገ ከዙህር በኋላ ላካቸው። ያኔ ያዘጋጀሁትን ንግግር ረስቼዋለሁ። ዕድሜ ነው።» ዞረው ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆሙ። «ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትጭነው አሉ፤ ይሁና። እኔ በራሴ መኪና እከተላችኋለሁ።»

«አባባ፣ ስለ ምን እንደሚያወሩ አላውቅም» አለች ሀናን።

«አውቃለሁ፣ አብሽሪ» አሉ ሐጂ። «አታውቂም።»

ሲወጡ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ነበር። ሀናን አባቷ ሲስቁ ከኋላ አይታቸው አታውቅም ነበር፤ እንዴት ልጅ እንደሚመስሉ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ጣሀም ለመጀመሪያ ጊዜ በሐጂ ሳሎን ተቀመጠ፣ በምንጣፉ ጠርዝ፣ ጉልበቱን ሰብስቦ። ቀን ሲቆረጥ ሐጂ ራሳቸው ጥር ይሁን አሉ። ሀናን በመጋረጃው ጀርባ ሆና ሰማች። በዚያ ወር ሌላም የምትወጣ እንዳለች ታውቃለች።

ሰኞ ማለዳ አግማስ ሚኒባሱን በፋብሪካው በር ጥግ አስጠጋ። ከፀሐይ መከላከያው ሥር አንድ ፖስታ በሁለት ጣቱ ሳበ፤ ትኩስ ነገር እንደሚይዝ ሰው።

«እታለም፣ ነፃ አውጪኝ። ‹እንዳታጥፍብኝ› ብሎ ሦስቴ ነገረኝ። አራተኛውን ሐረጎን ስወርድ ደውሎ ነው የነገረኝ።»

«ጋሽ አግማስ፣ ጥር ላይ መንገድ እንዳይኖርብዎ።»

«መኪናዬን አሳጥቤ ነው የምመጣው» አለ አግማስ። «ሁለት ሰው ብቻ የሚጭን አልወድም እኔ።»

ስልኳን ለጥበቃው ከመስጠቷ በፊት ፖስታውን ከፈተች። በወረቀቱ ላይ ሁለት ቃል ብቻ ነው የተጻፈው። ቦታቸው ከላይ አይደለም፤ ደብዳቤ በሚያበቃበት በታችኛው ጥግ እንጂ፤ በላያቸው ያለው ነጭ ሁሉ ለእሷ እንደተተወላት።

ያንቺው ጣሀ።

በሁለቱ ቃላት መካከል ያለውን ክፍተት አየችው። መለካት አላስፈለጋትም።

ወረቀቱን ከመለኪያዋ ጋር በደረት ኪሷ አስቀምጣ ገባች። የመጨረሻው አዳራሽ በር በሁለት ቁልፍ ተከፈተ፤ ነጭ ለባሿ በዝግታ፣ ድምፅ ሳታሰማ ብቅ አለች። ሴቶቹ እልል አሉ። እንደ ሌላው ቀን ከሥራቸው ቀና ሳይሉ አልነበረም፤ አንዳንዶቹ ቀና ብለው ወደ ሀናን ሲያዩ ነበር፤ ወሬ ከደሴ ለመውረድ ሚኒባስ አይጠብቅም። ሀናን በዚህ ሰዓት ሁልጊዜ የመኪናዋን በር ለመለካት ጎንበስ ትላለች። ዛሬ ቀጥ ብላ ቆመች፤ እጇ ደረት ኪሷ ላይ ነው። እልልታው ለየትኛዋ ሙሽራ እንደሆነ የነገራት የለም። እሷም፣ ከአንድ ሰው እንደተማረችው፣ አልጠየቀችም።